የእማማ ሽናይደር ስም ሲጠራ

ባለፈው ሰሞን ስካርቦሮ ካለ አንድ ክሊኒክ ከልጄ ከብሌን ጋር ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ አንዲት ነርስ በሩን በክርኗ ገፋ አደረገችና «ሽናይደር!» ብላ ተጣራች። ክው አልኩ። ቦርሳዬ ከጭኔ ላይ ወደቀ፤ ከመቀመጫዬ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝም። «እማዬ፣ አንቺን አይደለም እኮ፤ ሲት ዳውን» አለችኝ ብሌን ክንዴን ይዛ። ፊት ለፊታችን ተቀምጦ የነበረ አንድ ጢማም ጎረምሳ ስልኩን ኪሱ ከተተና እያዛጋ ነርሷን ተከትሎ ገባ። ለሱ ምን ጣጣ አለው! ስሙን ጠሩት፣ ተነሣ፣ ሄደ። እኔ ግን የወደቀ ቦርሳዬን እንኳን ማንሣት ረሳሁ።

የመጣሁት ለራሴ ጉዳይ ነበር። ሰሞኑን ነገር ይጠፋኛል። ድስት ጥጄ እረሳለሁ፤ ለሰው ስልክ ደውዬ፣ ሰውየው «ሃሎ» ሲለኝ ለምን እንደደወልኩ አላውቀውም። ብሌን «ዶክተር ቼክ ያድርግሽ» ብላ ጎትታ አመጣችኝ። እኔም አልፈራሁም አልልም፤ ፈርቻለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ነው ያደርኩት። ያቺን ስም ግን አልረሳሁም። ያቺን ስም የሰማሁ እንደሆነ ያ የክሬሰንት ታውን ክረምት፣ በረዶው፣ ሳይረኑ፣ ሁሉ ነገር ዛሬ የሆነ ያህል ይመጣብኛል።

ያኔ የምንኖረው ክሬሰንት ታውን ከሚባለው የፎቅ ሰፈር ነበር። ከቪክቶሪያ ፓርክ የምድር ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ ያንን ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ መተላለፊያ ስትሻገሩ ነፋሱ ጆሯችሁን ቆርጦ ሊወስደው ይደርሳል። ቶክን የምትባል፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ሳንቲም ጥለን ሰብዌይ የምንገባበት ዘመን ነው። ዛሬ ልጆቹ ስልካቸውን ከፍተው እናታቸውን ፊት ለፊት ያዩዋታል፤ እኛ ከዳንፎርዝ መንገድ የቤንጋሊዎቹ ሱቅ የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ገዝተን፣ ያንን ግራጫ ቀለም በጥፍር ፍቀን፣ ቁጥሩን ደውለን «ሃሎ! ይሰማል? ኧረ ይሰማል ወይ?» ስንባባል ካርዱ ያልቅ ነበር። ካፖርቴ ወይን ጠጅ ነበር፣ የሳልቫጅ። እጅጌው ረዝሞ ጣቶቼን ይውጣቸው ነበር፣ አንድ ቁልፍም ጎሎታል፤ ግን ሞቃት ነው፣ በዚያ ላይ ቀለሙ ከሩቅ ይታያል። በመተላለፊያው ላይ ስመጣ ብሌን በመስኮት አይታኝ እጇን ታወዛውዝልኝ ነበር። ዛሬ የዚያን ዓይነት ካፖርት ስላት «አምበራሲንግ» ትለኛለች፣ የት አባቷና!

እማማ ሽናይደር ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ከልጃቸው ከኢንግሪድ ጋር ይኖሩ ነበር። ኢንግሪድ ዳውንታውን ቢሮ ነው የምትሠራ። እናቷ መዘንጋት ሲጀምሩ፣ «ከሰዓት ከሰዓት አብረሻቸው ትቀመጪ?» አለችኝ፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስለማጸዳ ተስማማኝ። የመጀመሪያ ቀን ግን ጭንቅ ያዘኝ። ምን ብዬ ልጥራቸው? ኢንግሪድ «ኤርና በያት፣ ወይ ሚሲስ ሽናይደር» አለችኝ። እኔ እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ ደረቅ ስማቸውን ልጠራ! ሚሲስ ሽናይደር ማለቱም ቢሆን የሟች ባለቤታቸውን ስም እንደመጥራት ሆነብኝ፤ ምላሴ እምቢ አለ። ዝም ብዬ «እማማ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ምንድነው እሱ?» አሉኝ። «እናት ማለት ነው፣ የትልቅ ሰው አክብሮት» አልኩ። «ጥሩ ነው» አሉ፤ በዚያው ቀረ። አሁን እየጻፍኩ ስለሆነ ነው እንጂ በአፌ ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም።

ስማቸው በጀርመንኛ ልብስ ሰፊ ማለት ነው አሉኝ። ሽናይደር ሆነው ተወልደው፣ ሥጋ ዘመድ ያልሆነ ሌላ ሽናይደር አገቡ፤ እንደኛ አገር ከበደ ነው መሰል፣ በየሰፈሩ ሞልቷል። እሳቸውም ስፌት ነው የኖሩበት። ስፓዳይና ጎዳና ላይ የልብስ ፋብሪካዎች ባሉበት ዘመን፣ የአውሮፓ ሴት ሁሉ ተሰብስቦ በሚሰፋበት አዳራሽ ብዙ ዘመን ሠርተዋል። የካፖርቴን እጅጌ አሳጥረው፣ በጎደለው ቁልፍ ፋንታ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ የተከሉልኝ እሳቸው ናቸው። «አይሄድም እኮ እማማ» ስላቸው «ታዲያ በምን ልለይሽ?» አሉኝ።

የልብስ ቁልፍ የሞላበት ቆርቆሮ ነበራቸው። ሻይ በሎሚ ጠጥተን ስናበቃ፣ ጥቁር ፍሬ ያለበትን ኬካቸውን ቆርሰን፣ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፉና ጨዋታ ይጀምራሉ። ለእያንዳንዱ አገር አንድ ቁልፍ። ቡናማውን ያስቀምጡና «ጀርመን» ይላሉ፤ ሽናይደር፣ ግን መጨረሻዋን ዋጥ አድርገው «ሽናይዳ» ነው የሚመስለው። ሰማያዊው ፈረንሳይ፦ «ሽኔዴር!» ከንፈራቸውን አሹለው። ቀዩ እስፓኝ፦ «ኤስናይደር»፤ «ስን» ብሎ መጀመር ምላሳቸው አይችልም አሉኝ። «ውይ፣ ልክ እንደኛ! እኛስ እስፖርት፣ እስክሪብቶ አይደል የምንል!» ብዬ ጮህኩ። የሃንጋሪ ሴቶች የአባትን ስም ያስቀድማሉ፣ ያገባች እንደሆነ ጫፉ ላይ «ኔ» ይጨምራሉ፤ ሽናይደርኔ። ሊትዌንያዎቹማ ጉድ ናቸው! ሰውየው ሽኔይዴሪስ፣ ሚስቱ ሽኔይዴሪየኔ፣ ያላገባች ልጁ ሽኔይዴሪቴ፤ ሴትዮዋ ባል ይኑራት አይኑራት ገና ስሟ ሲጠራ አገር ያውቀዋል ማለት ነው። የኛው ሕንፃ ጠባቂ፣ ሱፐር የምንለው ግሪኩ ስታቭሮስ፣ «ሽ» የሚባል ነገር አፉ ውስጥ ስለሌለ «ስናይደር» ይላቸዋል። ጎረቤታችን ሃሊና ፖላንድ ናት፣ «ፓኒ ሽናይዴሮቫ» ትላቸዋለች፣ ወይዘሮ ማለቷ ነው፣ ደግሞ ጉንጫቸውን ስማ። «የናንተስ?» አሉኝ። «እኛማ ሽናይደርን ጠራሁ እንላለን፤ ስናቆላምጥ ሽናይደርዬ፤ ከነቤተሰብዎ ሲሆኑ ደግሞ እነ ሽናይደር» አልኩ። «እነ ሽናይደር» የምትለዋ በጣም አሳቀቻቸው። ለኔ አንድ ወይን ጠጅ ቁልፍ ፈልገው ከነሱ መካከል አስቀመጡልኝ።

አንዲት ነጭ ቁልፍ ግን ሁልጊዜ ያነሷትና ምንም ሳይናገሩ ወደ ቆርቆሮው ይመልሷታል። አንድ ቀን አፌን ቁርጥ ያርገውና «እሷስ የማን አገር ናት?» አልኳቸው። እጃቸው ላይ አገላበጧት። «የተወለድኩበት» አሉ ኋላ። ቼኮች ዘንድ ነው የተወለዱት። እዚያ ስሙ እንደ አነጋገሩ ይለዋወጣል፤ አባታቸውን አየሁ ሲሉ ሽናይዴራ፣ ሲጠሩት ሽናይዴሬ፣ ትንሿ ኤርና ደግሞ ትምህርት ቤት ሽናይዴሮቫ። «ቆንጆ ነበር፣ እንደ ዘፈን» አሉኝ። ከዚያ ያ ትልቁ ጦርነት አለቀና ጀርመንኛ የሚናገር ሁሉ ካገር ይውጣ ተባለ። ሳይረን አስጩኸው አደባባይ ሰበሰቧቸው፤ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በድምፅ ማጉያ ስም ይጠራል፣ የተጠራው ካሚዮን ላይ ይወጣል። እናታቸው የትንሿን ኤርና አፍ በመዳፋቸው አፈኑ። የአባታቸው ስም ተጠራ። «አባቴ ጨዋ ሰው ነበር። ስሙን ሲሰማ እጁን አወጣና አለሁ አለ» አሉኝ። አላዩዋቸውም ከዚያ ወዲያ። «እናቴ እስክትሞት የምትለኝ አንድ ነገር ነበር፤ ስምሽ ከተጠራ ዝም በይ።»

ይህ ነገር እኛም ቤት ነበር እኮ! እናቴ፣ ነፍሷን ይማረው፣ ሲመሽ ከጓሮ ወይ ከጫካ ድምፅ ስማችንን ቢጠራ «ፊቱን ሳታዩ አቤት እንዳትሉ» ትለን ነበር። ሰው ላይሆን ይችላል፤ ጠርቶ ይወስዳል ይባላል። ይህን ለእማማ ስነግራቸው አልሳቁም። ፈረንጅ ይህን ስትነግሩት ፈገግ ይላል፤ እሳቸው ግን እጄን ጨበጡና «እናትሽ አዋቂ ነበረች» አሉ። «አቤት ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ «ስንጠራ አለሁ የምንልበት ነው» አልኳቸው። ቃሏን ወደዷት። ከዚያ ወዲህ «እማማ» ስላቸው «አቤት» ይሉኝ ጀመር፣ ግን ቀድመው ፊቴን አይተው ነው።

ያ የሳይረኑ ቀን ዕረፍት ቀኔ ነበር፤ ኢንግሪድ ቤት ውላለች። እኔ ዳንፎርዝ ወርጄ በርበሬና ሽንኩርት ገዛዝቼ፣ ጀንበሯ ማዘቅዘቅ ስትጀምር በመተላለፊያው እመለሳለሁ። ከሩቅ ቀይ መብራት ሲሽከረከር አየሁ። የእሳት አደጋ መኪና ነው። በሕንፃችን አላርም መጮህ ብርቅ አልነበረም፣ አንዱ ዳቦ ባሳረረ ቁጥር ሁላችንም በደረጃ ወርደን በረዶ ላይ እንቆማለን፤ ብሌንም ከሃሊና ጋር ናት፤ ስለዚህ አልደነገጥኩም። ኢንግሪድ ያለ ኮት ስትሮጥ ሳይ ነው የደነገጥኩት።

«እናቴን አየሻት? አስካለ፣ እናቴን አየሻት?» አለችኝ። እጃቸውን ይዛ በደረጃ አውርዳቸዋለች። ደጅ ሲደርሱ፣ ስታቭሮስ ሽማግሌዎቹ ሁሉ መውጣታቸውን ሊያረጋግጥ በድምፅ ማጉያ ስማቸውን መጥራት ጀመረ። ደግ አስቦ ነው፣ ምን ያድርግ። ሳይረን ይጮሃል፣ ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች ይሯሯጣሉ፣ «ሚሲስ ስናይደር!» ይላል ማጉያው። «እዚህ ነን ብዬ እጄን ሳወጣ እጇን ከእጄ መንጭቃ ወጣች፤ ዞር ስል የለችም» አለች ኢንግሪድ። በሹራብና በቤት ጫማ ብቻ ናቸው። ያን ዕለት ደግሞ ትንፋሽ ሳይቀር የሚያደርቅ ብርድ ነበር።

ፖሊስ ተጠራ። ከሕንፃዎቹ ጀርባ ያለው ሸለቆ ቁልቁል ነው፤ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከታች ወንዝ አለ፣ ዳር ዳሩ በረዶ የሠራ። ጎረቤቱ ሁሉ ወደዚያ ወረደ። እሳቱስ ብትሉ እሳት የሚባል አልነበረም፣ የሆነ ሰው ያረረ ድስት ነው። ሃሊና እያለቀሰች «ፓኒ ሽናይዴሮቫ!» ትላለች፤ ስታቭሮስ ከላይ ቆሞ በማጉያው «ስናይደር! ስናይደር!» ይላል፤ ፖሊሱ በእንግሊዝኛው ይጠራል፤ የቤንጋሊዎቹ ልጆች ሳይቀሩ «ሺናይዳር አንቲ!» ይላሉ። ያቺ በቁልፍ ስንጫወትባት የነበረች ስም ሸለቆውን ሞላችው። እኔም ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ያኔ ነው የገባኝ። አደባባዩ ነው! እሳቸው ዘንድ ይሄ አደባባዩ ነው። በየትኛውም አገር አፍ ይጠሩ፣ እየተጠሩ ነው። እኛ በጮህን ቁጥር እሳቸው ይበልጥ ይደበቃሉ፤ ብርዱ ደግሞ አይጠብቅም።

ሽንኩርቴን ጥዬ ወደ ስታቭሮስ ሮጥኩ። «አቁም! ስማቸውን አትጥራ!» አልኩት።

«ምን ማለትሽ ነው? ሳልጠራት በምን ላገኛት ነው?»

«ፈርተው ነው የሄዱት። ስማቸውን ነው የፈሩት። መብራቱንም አጥፉልኝ፣ በእናትህ!»

«ሴትዮ፣ አብደሻል? እየመሸ ነው፣ ትሞታለች እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም ያንኑ ነበር የምፈራው። ኢንግሪድ አፈጠጠችብኝ፤ እናቷ ለሷ አልነገሯትም ነበር። «ኋላ እነግርሻለሁ፣ እመኚኝ» አልኳት። ስንት ነገር በፊቷ ላይ ሲመላለስ አየሁ። ከዚያ ማጉያውን ከስታቭሮስ እጅ ወሰደችና አጠፋችው። ሃሊና አማተበችና ልጆቹን በምልክት ዝም አሰኘቻቸው። ፖሊሱ ቅር እያለው «ለጥቂት ጊዜ ብቻ» አለ። ሸለቆው ጸጥ አለ።

ያንን ጸጥታ እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ። ተሳስቼ ከሆነስ? አንድ ጥግ ወድቀው፣ ድምፃችንን ሰምተው ሊመልሱ ሲሉ አፋችንን ያዘጋሁት እኔ ከሆንኩስ? ልጃቸው ከላይ ቆማ እያየችኝ ነው። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚቴ እየዋጠኝ ወረድኩ። የካፖርቴን ኮፍያ ገፍፌ ፊቴን አወጣሁ። ብርዱ ግንባሬን እንደ ቢላዋ ያዘኝ፤ ግን ፊቴን ማየት አለባቸው። ከዛፍ ስር አልሄድኩም፤ ሜዳ ሜዳውን፣ ካፖርቴ እንዲታይ፣ ያቺ አረንጓዴ ቁልፍ እንድትታይ፣ ቀስ እያልኩ። «እመቤቴ ድረሽልኝ» እላለሁ በሆዴ።

የእግረኛው ድልድይ ስር ደረስኩ። ጨለም ብሏል። አንድ የቤት ጫማ በረዶው ላይ ወድቋል። አንሥቼ ያዝኩት፤ ግን አልጮህኩም። ባለሁበት ቆሜ፣ ቤት ውስጥ ሻይ ስናቀርብ በምናገረው ድምፅ፣ «እማማ» አልኩ። «እኔ ነኝ፣ አስካለ።»

ምንም የለም። ወንዙ ብቻ ይሰማል። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ድገሚ ድገሚ ይለኛል፣ አልደገምኩም፤ እያዩኝ ከሆነ ይዩኝ ብዬ ቆምኩ።

«አቤት» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ ከድልድዩ ምሰሶ ኋላ።

ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። በገዛ መዳፋቸው የገዛ አፋቸውን አፍነው ነበር፤ ጣቶቻቸው ጉንጫቸው ላይ ምልክት ሠርተዋል። ካፖርቴን አውልቄ ጠቀለልኳቸውና እንደ ሕፃን አቀፍኳቸው። «ሄዱ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሄዱ፣ እማማ።» «አባቴንም ወሰዱት?» እንባዬ ዱብ ዱብ እያለ «እርስዎን የሚወስድ የለም። እኔ ነኝ የመጣሁት» አልኳቸው። ቁልፏን በጣታቸው ዳበሷት፣ ደጋግመው። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ደረቴ ላይ አሳረፉ፤ እኔም በዚያን ጊዜ ነው ሰዎቹን በእጄ የጠራሁት።

እግራቸው አብጦ ከርሞ ዳነ። ኢንግሪድ ነገሩን ከኔ አፍ ሰምታ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስታቭሮስ ከዚያ ወዲያ አላርም በጮኸ ቁጥር በሩን አንኳኩቶ፣ ፊቱን አሳይቶ፣ ክንዳቸውን ይዞ ያወርዳቸው ነበር። ሃሊና «ኤማማ» ማለት ለመደች፤ ልጆቹም፣ ሕንፃው በሙሉ። የዓለም አፍ ሁሉ ሲጠመዝዘው የኖረ ስም ነበራቸው፤ በመጨረሻው ክረምታቸው ግን ማንም አልጠራውም። አልጋቸው ላይ፣ ሞቋቸው አረፉ። ቆርቆሮው ለኔ ደረሰኝ፤ ነጯ ቁልፍም አለችበት።

ይህን ሁሉ ሳስብ ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ እንደገና ወጣች። «ሚሲስ ዎልድ… ዎልዴጂ… ኦርጂ…» አለች። የአባቴ ስም ነው፣ ወልደጊዮርጊስ፤ ነፍሱን ይማርና ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር! ብሌን «እማዬ፣ ዛትስ ዩ» አለችኝ። እኔ ግን አልተነሣሁም። ነርሷ እስክትጠጋ፣ ፊቷን እስካይ ጠበቅኩ። ደግ ፊት ነበራት። ገባሁ። ዶክተሩ «የሰዓት ሥዕል ሣይ» አለኝ፣ ሣልኩ፤ ቃላት ያዢ አለኝ፣ አንዷን ያዝኩ፣ ሌሎቹ በረሩ። ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል አለ። ብሌን አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው።

ወደ ቤት ስትነዳ ነገርኳት። «ብሌንዬ፣ አንድ ቀን ጠፍቼ የወጣሁ እንደሆነ፣ ያንን የሕክምና ካርዱ ላይ ያለውን ስም በማጉያ እንዳያስጠሩብኝ። በስሜም አታስጠሪኝ። አንቺ ራስሽ ነይ። ፊትሽ የሚታይበት ቦታ ቁሚና እማዬ በይኝ፤ ሌላ አታብዢ፣ ጠብቂኝ።»

«ማም፣ ፕሊስ፣ እንደሱ አትበይ» አለችኝ። ቀይ መብራት ያዘን። መሪውን እንደጨበጠች ወደ ፊት ብቻ ታያለች፤ የመስታወቱ መጥረጊያ በረዶውን ወዲያና ወዲህ ይገፋል። ከዚያ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረችና፣ ልጅ ሳለች በዚያ መስኮት ቆማ ትጠራኝ እንደነበረው፣ «እማዬ?» አለችኝ።

ፊቷን ደህና አድርጌ አየሁት።

«አቤት» አልኳት።